የቅሬያችን ሰው ያመጣውን አክሲዮን ልግዛ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ገንዘብና ኑሮ
መልስ ሰጪ፦ ጡረተኛ የባንክ ሒሳብ መርማሪ፣ ደሴ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ነው፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም እሸጣለሁ። ባለፈው ወር የቅሬያችን (የዕድራችን) ስብሰባ ሲያበቃ የዳኛችን (የሰብሳቢያችን) የወንድም ልጅ ተነሥቶ በምሥረታ ላይ ስላለ አንድ አክሲዮን ማኅበር አስረዳን። የዘይት ፋብሪካ ሊያቆሙ ነው። የፋብሪካው ሥዕል ያለበት ያማረ ወረቀትም አደለን። ብዙ ሰው እዚያው ፈረመ። እኔ ልጄ ከጅዳ የላከችልኝ 200 ሺህ ብር ባንክ አለኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የሚያገኘኝ ሁሉ «አላመንከንም እንዴ?» ይለኛል። ሰውየው ጨዋ ነው፤ አባቱንም አውቃለሁ። አዲስ አበባ ደግሞ የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷል ይባላል፤ ልጄም በስልክ «አባዬ፣ የቴሌው ይሻልህ ነበር» ትለኛለች። እኛ የምንተማመነው በሰው ነው። ገበያውስ በምን ይተማመናል? ምን ይመክሩኛል?
ያልፈረመው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ «አላመንከንም እንዴ?» ለሚሉዎት ሰዎች መልስ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ዕቁብ ላይ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚወስደው እንዴት ነው? ዋስ ጠርቶ፣ አስፈርሞ። ልጅ ለልጅ የተጋቡ፣ በአንድ ሰፈር ያረጁ ሰዎች እንኳ ያለ ዋስ አይወስዱም፤ በዚህ ምክንያት ያኮረፈ ዕቁብተኛ እኔ አላውቅም። ቅሬውም ቢሆን መዋጮው በመዝገብ ይሰፍራል፤ ገንዘብ ያዡ ብቻውን ከባንክ አያወጣም፤ ቀብር የቀረ ሰው የማንም ልጅ ቢሆን ይቀጣል። የወሎ ሰው የሚተማመነው በሰው ነው ሲባል እንግዲህ የሚነገረው ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ መዝገቡ፣ ዋሱና ቅጣቱ ነው። ለዕቁብ ዋስ መጠየቅ ወግ ከሆነ፣ ለአክሲዮን ሲሆን ስድብ የሚሆነው ለምንድን ነው?

በሥራ ዘመኔ ከወልድያ እስከ ከሚሴ ያሉ ቅርንጫፎችን መዝገብ ገልብጫለሁ። ጉድለት የተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በጨዋነታቸው የታወቁ ነበሩ። ይህ ሊያስገርም አይገባም፤ ጨዋ ያልተባለ ሰው መጀመሪያውኑ የካዝና ቁልፍ አይሰጠውም።

ስለዚህ በዳኛችሁ የወንድም ልጅ ላይ ክፉ ቃል አልናገርም። ጨዋ ይሁን። ግን ጨዋነቱ የራሱ ነው፤ የማኅበሩ አይደለም። እሱ ሻጭ ነው። ለሸጠው አክሲዮን ኮሚሽን የሚከፈለው ከሆነ ስንት እንደሆነ በቅሬው ፊት ይናገር። ኮሚሽን መቀበል ነውር የለውም፤ የሚያስጠረጥረው መደበቁ ነው። ነገ ፋብሪካው ባይቆም «እኔም እንደ እናንተው ተታልያለሁ» ሊል ይችላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን የሚፈይደው ነገር የለም። የቅሬያችሁ ገንዘብ ያዥ የሚታመነው ነገም ከነገ ወዲያም በርበሬ ወንዝ ላይ ስለሚገኝ ነው። ልጁን እዚያው ይድራል፣ እናቱን እዚያው ይቀብራል። የዘይት ፋብሪካው መሥራቾችስ የት ነው የሚቀብሩት?

የአክሲዮን ማኅበር ዋሱ ወረቀት ነው። ደረቅ ነገር ነው፤ ግን ሌላ ዋስ የለውም። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት ደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባል ሰነድ አዘጋጅቶ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገብ አለበት። ባለሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው ለዚህ ለዚህ ነው። የታደላችሁ ሥዕል ያለበት ወረቀት ይህ ሰነድ አይደለም። መግለጫው ውስጥ ሥዕል ላይኖር ይችላል፤ መሥራቾቹ እነማን እንደሆኑ፣ ራሳቸው ስንት እንዳወጡ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ በምን በምን እንደሚውል፣ ሥራውን ምን ሊያከስረው እንደሚችል ግን ይኖራል። የመጨረሻውን ይፈልጉልኝ። ምን ሊያከስር እንደሚችል የማይናገር ሻጭ አምኜ አላውቅም።

ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ ስም ወደተከፈተ፣ ማኅበሩ እስኪመሠረት ገንዘብ ወደማይወጣበት ዝግ ሒሳብ ነው፤ ወደ ሰው ኪስ ወይም ወደ ሰው ቴሌብር አይደለም። ከአክሲዮኑ ዋጋ በላይ «የአገልግሎት ክፍያ» ብለው የሚቀበሉት ካለም፣ ማኅበሩ ሳይመሠረት ቢቀር ይመለሳል ወይስ አይመለስም ብለው በጽሑፍ ያስመልሱ። ጠቡ የሚነሣው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ነጋዴ አይደሉም? የነጋዴ ጥያቄ ይጠይቁ። ሰሊጡና ኑጉ ከየት ይመጣል? በክልላችን የቆሙ ትላልቅ የዘይት ፋብሪካዎች በጥሬ ዕቃ እጥረት ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ እያየን ነው። ማሽኑ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከዚያ በፊት የተሠራ ጥናት ዋጋው የትም አይደርስም። ጥናቱ ዶላሩን በስንት ብር ነው ያሰላው? ስለ መብራት ለኮምቦልቻ ሰው እኔ አልነግርም።

አሁን ወደ ልጅዎ ምክር ልምጣ። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የ10 በመቶ ድርሻ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር በቴሌብር ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። የመሸጫ ቀኑ ተራዝሞም የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የገዙት 47,377 ናቸው። ይህን ቁጥር ሳይ ብዙ አሰብኩ። በየቀኑ የሱቃችንን ሒሳብ በቴሌብር የምንከፍለው እኛው፣ ከዓረብ አገር ልጆቻችን ጋር በቴሌ መስመር የምናወራው እኛው። ገንዘባችንን እንዲያሻግርልን እናምነዋለን፤ የእኛ ድርሻ ሆኖ ገንዘባችን እሱ ዘንድ እንዲቀመጥ ግን አብዛኛው ሰው አልፈለገም። አገልግሎትን ማመንና ባለቤት ለመሆን ማመን የተለያዩ ናቸው። ባለቤት የሚሆን ሰው 300 ብር ትክክለኛ ዋጋ መሆኑን ማመን አለበት፤ ልጅ ሲዳር ወይም ሰው ሲታመም አክሲዮኑን መልሶ የሚሸጥበት ቦታ እንዳለ ማመን አለበት፤ ደንቡ በመሐል እንደማይለወጥ ማመን አለበት።

ይህን የመጨረሻውን ሽማግሌዎቻችን አይረሱትም። አዲስ አበባ ውስጥ በንጉሡ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን ነበር። ታኅሣሥ 1967 ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ጥር 1967 ደግሞ ፋብሪካዎች ተወረሱ። የአክሲዮን ወረቀት የነበረው ሰው ወረቀቱን ሣጥኑ ውስጥ ታቅፎ ቀረ። የዛሬው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም የወጋገን ባንክ አክሲዮን ነበር። በመሐሉ ሃምሳ ዓመት አለፈ። «አክሲዮን» ሲባል አባቶቻችን ፊታቸውን የሚያዞሩት ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ አውቀውም ነው።

«ገበያው በምን ይተማመናል?» ላሉት፣ ገበያ ራሱ እምነት የለውም፤ የሰዎችን እምነት ይጽፋል። እስካሁን በአገራችን በአንድ ማኅበር እምነት ያጣ ባለአክሲዮን ምን ያደርግ ነበር? በሰው በሰው ገዢ ያፈላልጋል። ካላገኘ በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ይናገራል፤ ለስላሳውን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቅሬታው ቃለ ጉባዔው ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል። ገበያ ባለበት አገር ግን ያው ሰው አክሲዮኑን ይሸጣል፤ እንደ እሱ የከፋቸው ሲበዙ ዋጋው ይወርዳል፤ ቦርዱም፣ አበዳሪውም፣ ጋዜጠኛውም ያን ቁጥር ያየዋል። ሥራ አስኪያጁ እንቅልፍ የሚያጣው በዚህ ነው።

መተዋወቅ ደግሞ በሁለት በኩል የተሳለ ቢላ መሆኑን ይወቁልኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሊከን ቫሊ ባንክ የሚባል ነበር። ደንበኞቹ አዳዲስ የቴክኖሎጂ ድርጅቶችና ገንዘብ የሚያፈሱባቸው ሰዎች ነበሩ፤ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ሌላውን እያመጣ ነው ባንኩ ያደገው። የካቲት 29 ቀን 2015 ባንኩ ቦንዶች (የብድር ሰነዶች) በመሸጡ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን አስታወቀ። በማግስቱ እነዚያው የሚተዋወቁ ሰዎች በስልክ መልእክት ተላላኩ፤ በዚያ አንድ ቀን ብቻ ሊያወጡት የጠየቁት ገንዘብ 42 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ የባንኩ አክሲዮንም ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ። ከዚያ በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። እንደ ጓደኛ የገቡ እንደ ጓደኛ ወጡ። ቅሬያችሁም ውስጥ ብዙ ሰው የፈረመው የጎረቤቱን እጅ አይቶ ነው። የጎረቤቱን እጅ አይቶ የገባ የጎረቤቱን እግር አይቶ ይወጣል፤ ልዩነቱ በምሥረታ ላይ ካለ ማኅበር መውጫ አለመኖሩ ነው። ካሊፎርኒያዎቹ ቢያንስ በር ነበራቸው።

ስለ 200 ሺው ብርም አንድ ቃል ልበል። ያ ገንዘብ የማን ነው? ልጅዎ ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ከሆነ፣ ምን እንዲሆንላት እንደምትፈልግ እሷን ይጠይቁ እንጂ ቅሬውን አይደለም። ባንክ ያለ ተቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ድረስ የመድን ሽፋን አለው፤ አክሲዮን ይህ ሽፋን የለውም። ባለአክሲዮን የከሳሪው ድርጅት ባለቤት ነው፤ ባለቤት ደግሞ የሚቀበለው ሌላው ሁሉ ከተከፈለው በኋላ ነው። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ቅርንጫፎች ተዘርፈው፣ ሰዉ ሲመለስ በደብተሩ ላይ የነበረውን ብር አገኘ። ሒሳቡ ከግድግዳው ጋር የሚዘረፍ አልነበረም። ያቺ አጋጣሚ ለባንኮቻችን ከማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ ሠርታለች፤ ነገር ግን ያ አስቀማጭ የመሆን ጥቅም ነው። አክሲዮን ገዢ የሚቆመው በሌላ ወረፋ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። በሚቀጥለው ስብሰባ እጅዎን ያውጡና የመግለጫውን ቅጂ፣ የዝግ ሒሳቡን ማስረጃና የመሥራቾቹን ዝርዝር በቅሬው ስም ይጠይቁ። በግል ጠርተው ሻጩን ከሚያስጨንቁት በአደባባይ መጠየቁ ለእሱም ክብር ነው፤ ያለው ከሆነ ይዞ ይመጣል፤ አላመንከንም ያሉዎትም ሰዎች መልሱን አብረው ይሰማሉ። ይዞ ከመጣና ካሳመነዎት ቢጠፋ ኑሮዎን በማያናጋ መጠን ይግዙ። ሙሉውን አይደለም።

አንድ ነገር ግን ምንም ማስረጃ ይምጣ አይፍቀዱ፤ የቅሬው የጋራ ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ እንዳይገባ። ይህን የምለው አንዳንድ ቅሬዎች እንደሚያስቡት ስለሰማሁ ነው። ሞት ቀጠሮ የለውም፤ የቅሬ ገንዘብ በማንኛውም ሌሊት መውጣት ያለበት ገንዘብ ነው። ያልተቋቋመ ፋብሪካ አክሲዮን ከፈን አይገዛም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ደሴ የምማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። መምህራችን የአክሲዮን ዋጋ የሚወሰነው በድርጅቱ ትርፍ ነው አሉን። እኔ ደግሞ ሰው በድርጅቱ ላይ ያለው እምነትም ዋጋውን ያንቀሳቅሳል ብዬ ተከራከርኩ፤ ክፍሉ ሳቀብኝ። ማን ነው ልክ?
የተሳቀባት

መልስ፦ ልጄ፣ መምህርሽ ልክ ናቸው፤ አንቺም ልክ ነሽ፤ የሳቁት ብቻ ናቸው ያልተጠየቁት። አክሲዮን የሚገዛ ሰው የሚገዛው ያለፈውን ዓመት ትርፍ አይደለም፤ የሚመጣውን ነው። የሚመጣ ትርፍ ደግሞ ገና አልታየም። ያልታየን ነገር መገመት ማመን ካልሆነ ምንድን ነው?

እኛን በቅርብ የነካ ምሳሌ አለ፤ ስናገረውም ይከብደኛል። ጥቅምት 19 ቀን 2011 የላየን ኤር 737 ማክስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። የአውሮፕላኑ ሠሪ የቦይንግ አክሲዮን ግን ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 22 ቀን፣ 440 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። የሞቱት ሰዎች ቁጥር ለገበያው አልበቃውም ማለት ነው፤ ገበያው ያመነው ጥፋቱ የአብራሪዎቹና የአየር መንገዱ ይሆናል የሚለውን ወሬ ይመስለኛል። መጋቢት 1 ቀን የእኛ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አጣን። ዓርብ ዕለት 422 ዶላር የነበረው የቦይንግ አክሲዮን ሰኞ 400፣ ማክሰኞ 375 ገደማ ሆነ። በእነዚያ ሁለት ቀናት የቦይንግ ትርፍ አንድ ሳንቲም አልተለወጠም። የተለወጠው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድና ቻይና አውሮፕላኑን ከበረራ ማገዳቸው፣ ሌሎችም መከተላቸው፣ ተሳፋሪውም በምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሚሄድ መጠየቅ መጀመሩ ነው።

አሁን መምህርሽን የምታሸንፊበትን ልንገርሽ። ትርፉ የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቦይንግ እ.ኤ.አ. የ2019ን ዓመት 636 ሚሊዮን ዶላር ከስሮ ዘጋ፤ ከ1997 ወዲህ ዓመቱን በኪሳራ ሲዘጋ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከሥራ ተነሡ። እምነቱ በመጋቢት ሄደ፣ ዋጋው በዚያው ሳምንት ተከተለው፣ የሒሳብ መዝገቡ በዓመቱ ደረሰ። በቅደም ተከተል አስቀምጪላቸው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ አክሲዮኑ በገበያ ስለማይሸጥ የእኛ ሰው እምነት በዋጋ አይታይም፤ የሚታየው በትኬት ነው። አየር መንገዱ ማክስን ወደ በረራ የመለሰው ጥር 2014 ነበር፤ ከብዙዎቹ የዓለም አየር መንገዶች በኋላ። መቆየቱን እንደ ኪሳራ የቆጠረው ካለ፣ እኔ እንደ ሒሳብ መርማሪ በሀብት በኩል ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ወለድ አልበላም። ባንኮች በየጊዜው አክሲዮን ግዙ ይላሉ። ልግዛ?
ከሆጤ

መልስ፦ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ሸኽዎን ይጠይቁ፤ እኔ ሒሳቡን ብቻ ልናገር። የመደበኛ ባንክ ትርፍ በአብዛኛው የሚመጣው ከብድር ወለድ ነው፤ የትርፍ ድርሻውም ከዚያው ይቆረሳል። ባንኮቹ የሚወተውቱት ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዝቅተኛውን የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ስላሳደገባቸው ነው፤ ለእርስዎ አዝነው አይደለም። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ፣ ዘምዘም፣ በ2013 ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራም ተከትሎታል። እነዚህ ባንኮች የቆሙት ለዓመታት በባንክ ደጃፍ ሲያልፍ በኖረ ሕዝብ እምነት ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንደነበር ሌሎቹ ባንኮች ዘግይተው ነው የገባቸው። ሆኖም ከወለድ ነፃ ማለት ከኪሳራ ነፃ ማለት አይደለም። የውጭ ኦዲተሩን ሪፖርትና የሸሪዓ አማካሪዎቹን ሪፖርት ሁለቱንም ይጠይቁ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ «ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ካሉዎት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ አለው፤ እዚያው ፊትዎ እንዲደውሉ ያድርጉ።